የተራበ ሰው «ጠግቤአለሁ» ሲል
(ወንድምን ስለ መርዳትና የራስን ችግር ስለ መናገር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በጐንደር ከተማም ሆነ በዙሪያዋ ባለው ደጋ፣ በወገራም በዳባትም በደባርቅም፣ ሁላችን የምናውቀው አንድ ልማድ አለ። እንግዳ ከመንገድ ሲገባ ማዕድ ይቀርብለታል። «ና ቅመስ» ሲባል «በልቼ ነው የመጣሁት፤ ጠግቤአለሁ» ይላል። የቤቱ እመቤት «በሞቴ» ትለዋለች። እሱም ሁለት ሦስት ጊዜ ከተለመነ በኋላ እጁን ታጥቦ ይቀርባል። ጧት ያለ ቁርስ ተነሥቶ ግማሽ ቀን በእግሩ የተጓዘ መሆኑን እሷ ታውቃለች፤ እሱም እንደምታውቅ ያውቃል። ይህ ጨዋነት ነው፤ እኛም በዚህ ያደግን ስለሆንን አንነቅፈውም። «በሞቴ» የምትል እመቤት እስካለች ድረስ «ጠግቤአለሁ» ማለት ማንንም አይጐዳም።

ነገር ግን ይህ ቃል ከማዕዱ ተነሥቶ ወደ ልባችን ገብቶ በመንፈሳዊ ኑሮአችን ላይ ሠልጥኖ አገኘነው። «በሞቴ» የምትለው እመቤት ግን አብራው አልገባችም። ብዙዎቻችን ለሌላው እንሮጣለን፤ ስለ ራሳችን ስንጠየቅ «ደኅና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን» ብለን በሩን እንዘጋለን። ከበሩ በስተኋላ ያለውን የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ለዛሬው ጽሑፋችን የመረጥነው ጥያቄ ይህ ነው፦ ክርስቲያን ወንድሙን መርዳት ግዴታው እንደሆነ እናውቃለን፤ ታዲያ ክርስቲያን «እኔም ተቸግሬአለሁ፤ እርዱኝ» ቢል የእምነት ጉድለት ይሆንበታልን?

ጥያቄውን እንዲሁ ከመጽሐፍ አላነሣነውም። በራሳችን ላይ የደረሰ ነገር ነው ያስነሣብን። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ሰሜን ጐንደር ሲገባ ከአዲአርቃይ፣ ከዛሪማና ከአካባቢው የሸሸ ሕዝብ ወደ ደባርቅና ወደ ዳባት ጐረፈ፤ እስከ ጐንደር ከተማ የደረሰም ነበረ። እኛም እንደ ሌላው ወጣት በየቤቱ እየዞርን እንጀራ፣ በሶ፣ ቆሎና ልብስ ሰበሰብን። ከመካከላችን አንዲት እኅት ከሁሉ ቀድማ ትመጣ፣ ከሁሉ በኋላ ትሄድ ነበር። ስሟን አንጽፍም፤ እሷም አትወድም። ወራት ካለፉ በኋላ ይህች እኅታችን መምጣት አቆመች። እኛም በመዝገቡ ላይ «ቀሪ» ብለን ጻፍንባት። በሦስተኛው እሑድ «ለምን ሰነፍሽ?» ብለው የሚጠይቁ ሁለት ልጆች ላክን።

የተላኩት ልጆች ያገኙት ሌላ ነገር ነው። እናቷ ከተኙ ሰንብተዋል። አባቷ የቀን ሥራ ካጡ ቆይተዋል። በቤቱ ዱቄት የሚባል አልነበረም። ያን ሁሉ እንጀራ በእጇ እየቆጠረች ለተፈናቀሉት ስታደርስ፣ ማታ ወደ ቤቷ ተመልሳ ጦሟን ታድር ነበር። «ምነው ሳትነግሪን?» ቢሏት፣ «እናንተ ለተፈናቀሉት ስትለምኑ እኔ ለራሴ እንዴት ልለምን?» አለች። ቀጥላም ቀስ ብላ፣ «ደግሞስ ማን ጠየቀኝ?» አለች።

ይህች ሁለተኛዋ ቃል እስከ ዛሬ ትወጋናለች። ከዚያ ወዲህ በብዙ ሰንበት ከጉባኤ በኋላ እየተቀመጥን ተከራክረንበታል። ከዚህ በታች የምንጽፈው የክርክራችን ፍሬ ነው።

በመጀመሪያ ከሁሉም ወገን የተስማማንበትን እንናገር። «ከራስ በላይ ነፋስ» የሚል ተረት በአገራችን አለ። «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» የሚልም አለ። እነዚህ ሁለቱ ተረቶች በወንጌል ፊት ሊቆሙ አይችሉም። ክርስቲያን ከራሱ በላይ ነፋስ ብቻ ሳይሆን አምላክም ወንድምም እንዳለው ያምናልና። በዚህ ላይ ክርክር አልነበረንም። ከዚህ ጕድጓድ እንድንሸሽ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ተምረናል። ነገር ግን ከአንዱ ጕድጓድ ወደ ኋላ እያፈገፈጉ ሲሸሹ በስተጀርባ ካለው ሌላ ጕድጓድ መውደቅ አለ። ያ ሁለተኛው ጕድጓድ ሁልጊዜ ሰጪ ብቻ መሆን ነው። ከውጭ ሲታይ ቅድስና ስለሚመስል ማንም «ተጠንቀቅ» አይልም።

ለምን ጕድጓድ አልነው? ጌታችን ባልንጀራህን ውደድ ሲል መለኪያውን አብሮ ሰጥቶናል፤ መለኪያው የገዛ ራስህ ነው (ማቴ. 22፥39)። ይህ ቃል ራስን ከሌላው አብልጦ መውደድን አያዝም። ነገር ግን የገዛ ረኃቡን የማያውቅ ሰው የሌላውን ረኃብ በምን ይለካዋል? በገበያ ቁናው የተሰበረ ነጋዴ ቸር ቢሆንም እንኳ ልክ መስፈር አይችልም። እኛም ድካማችንን ለራሳችን እንኳ ስንክድ ቆይተን በመጨረሻ የወንድማችን ድካም «ስንፍና» መስሎ ይታየናል። በዚያች እኅት ስም ላይ «ቀሪ» ብለን የጻፍን እኛ ክፉ ስለሆንን አይደለም። «ደከመኝ» ማለት በመካከላችን ያልተለመደ ነገር ስለነበረ፣ ከስንፍና ሌላ ምክንያት ሊታየን አልቻለም።

ቀጥለን ወደ ጌታችን ሕይወት እንመልከት። አምስት ሺህ ሰው ያበላው እሱ ነው። እሱ ራሱ ግን ደክሞት በያዕቆብ ጕድጓድ አጠገብ ተቀምጦ ከሳምራዊቷ ሴት ውኃ ለመነ (ዮሐ. 4)። በታንኳ ላይ ተኛ። በጌቴሴማኒ ሦስቱን ደቀ መዛሙርት ወስዶ ነፍሱ እስከ ሞት እንዳዘነች ነገራቸው፤ አብረውት እንዲተጉም ጠየቃቸው (ማቴ. 26)። በመስቀል ላይ ሳለ መጠማቱን ተናገረ። መስቀሉንም የቀሬናው ስምዖን እንዲሸከም ሆነ። እንግዲህ ኃጢአት የሌለበት ጌታ የሥጋውን ጥማት፣ የነፍሱንም ኀዘን ለሰዎች ከተናገረ፣ ችግርን መናገር በራሱ ኃጢአት ነው ማለት አይቻልም። «እኔ ማንም አያስፈልገኝም» የሚል ወጣት ሳያስበው ከጌታው በላይ ልሁን ማለቱ ነው።

ከዚህም ጋር የጴጥሮስን ነገር እናስታውስ። በጸሎተ ሐሙስ ማታ ጌታ እግሩን ሊያጥበው ሲቀርብ ጴጥሮስ እንቢ አለ። እንቢታው ትሕትና ይመስላል። ነገር ግን ጌታ ካላጠበው ከእሱ ጋር ዕድል እንደሌለው ነገረው (ዮሐ. 13)። እኛም በየዓመቱ በዕለቱ ካህናት አባቶች ወርደው እግራችንን ሲያጥቡን ምን ያህል እንደምናፍር እናውቃለን። እግር ማጠብ ይቀላል፤ እግርን አውጥቶ መስጠት ይከብዳል። ሲሰጡ እጅ ከላይ ነው፤ ሲቀበሉ ከታች። ሁልጊዜ ከላይ መሆን የሚወድ እጅ በውስጡ የተሸሸገ ትዕቢት እንዳለበት መመርመር ይገባዋል።

እዚህ ላይ ከመካከላችን አንዱ ጥሩ ጥያቄ አመጣ። «ሐዋርያው ከመቀበል ይልቅ መስጠት የበለጠ ብፅዕና እንዳለው ከጌታ የሰማውን ነግሮናል (ሐዋ. 20፥35)፤ ታዲያ ብፅዕናው ያነሰውን ለምን እንፈልጋለን?» አለ። ቃሉ እውነት ነው። ነገር ግን የሚቀበል ከሌለ የሚሰጥ አይኖርም። ሁልጊዜ ራሴ ብቻ ልስጥ ያለ ሰው፣ ያን የበለጠውን ብፅዕና ለራሱ ብቻ አድርጎ ወንድሙን ይነፍገዋል። አንድ ጊዜ ለመስጠት፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ሌላው እንዲሰጥ እጅን ዘርግቶ ለመቀበል ፈቃደኛ መሆን ሁለቱም ፍቅር ነው። ይህንኑ ሐዋርያው ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲያስረዳ፣ አንዱ ዐርፎ ሌላው እንዲጨነቅ ሳይሆን የዛሬው ትርፋችሁ የነዚያን ጕድለት እንዲሞላ፣ ነገ ደግሞ የነዚያ ትርፍ የእናንተን እንዲሞላ፣ ትክክልነት እንዲሆን ነው አላቸው (2ኛ ቆሮ. 8፥13-14)።

የወገራና የዳባት ገበሬ ይህን ቃል ያለ ትርጓሜ ያውቀዋል። ወንፈል የሚለው ይህ ነውና። ዛሬ የአንተን ገብስ ስናጭድ እንውላለን፤ ነገ የእኔን። ደቦም እንዲሁ ነው። ሰብሉ የደረሰበት ሰው ጉልበቱ እንደማይበቃው ባወቀ ጊዜ ጠላውን ጠምቆ፣ እንጀራውን አስጋግሮ ጎረቤቱን ይጠራል። ደቦ በመጥራቱ ያፈረ ገበሬ አላየንም። የሚታፈረው ብቻዬን እችላለሁ ብሎ ገብሱን በማሳ ላይ በበረዶ ያስመታው ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ተረትም ከዚህ ኑሮ የወጣ ነው። ታዲያ ለገብስ የማናፍረውን ለነፍሳችን ለምን እናፍራለን?

ጐንደር ደግሞ ከዚህ የበለጠ ምስክር አላት። የቆሎ ተማሪ ነው። ከጐጃም፣ ከወሎ፣ ከላስታ፣ ከትግራይ አገር እናትና አባቱን ትቶ፣ አቋቋም ሊማር በዓታ፣ መጻሕፍት ሊያስተረጉም ከየሊቃውንቱ ጉባኤ የመጣውን ወጣት ስንት ዘመን አይተነዋል። ለምዱን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንጠልጥሎ፣ ውሻ እየተከላከለ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ይህ ጩኸት ምንድን ነው? «የለኝም፤ ስለ እመቤታችን ብላችሁ ስጡኝ» ማለት ነው። አባቶቻችን ይህን ልመና ከትምህርቱ ጋር አንድ አድርገው አቆዩት። ዛሬ መስቀላቸውን የምንሳለማቸው፣ ሲያስተምሩን አፋችንን ከፍተን የምንሰማቸው ብዙ መምህራን በዚህ መንገድ ያለፉ ናቸው። የለመኑትን ቍራሽ ወደ ጎጆአቸው ይዘው ይገባሉ፤ ብዙ ያገኘው ጥቂት ካገኘው ጋር ይበላል፤ ታሞ የተኛውም ከባልንጀሮቹ አኮፋዳ ይካፈላል። ማለት ጧት ለራሱ የለመነው ልጅ ማታ ለሌላው ሰጪ ይሆናል። በአንዱ አኮፋዳ ውስጥ ልመናም ምጽዋትም አሉ። ዛሬ እኛ የከተማ ልጆች ይህን ትምህርት ከመጽሐፉ ላይ ብቻ ስለምናነበው የሊቃውንቱን ዕውቀት እንመኛለን፤ ሊቃውንቱ የጀመሩበትን «የለኝም» የምትለውን የመጀመሪያ ፊደል ግን ዘለናታል።

የቤተ ክርስቲያናችንም ሥርዓት ይህንኑ ይመሰክራል። ከአገልግሎት ሁሉ የሚበልጠው ቅዳሴ ነው። ቅዳሴን አንድ ቄስ ምንም ያህል ቢበቃ ብቻውን አይቀድስም፤ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት፣ ቢያንስ አምስት ልዑካን ያስፈልጋሉ። የሰውን ኃጢአት ሰምቶ የሚናዝዝ ካህንም ራሱን በራሱ አይናዝዝም፤ እሱም የንስሐ አባት አለው። እንግዲህ በመሠዊያው ፊት የሚቆመው አባት «ብቻዬን አልበቃም» ብሎ ከጀመረ፣ እኛ መዘምራን ነን ባዮች «ብቻዬን እችላለሁ» የምንለው ከማን ተምረን ነው?

አሁን ወደ ከባዱ ተቃውሞ እንምጣ። «ቅዱሳን እኮ ስለ ራሳቸው አላሰቡም፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖት እግራቸው እስኪሰበር ቆመው እንደጸለዩ በገድላቸው ይነገራል፤ ታዲያ ስለ ረኃባችንና ስለ ድካማችን ማውራት ከየት የመጣ ነው?» የሚል አለ። ይህን ተቃውሞ አቅልለን አናየውም። ራስን መካድ የክርስትና ሥር ነው። ነገር ግን ሁለት ነገሮችን እንለይ። አንደኛው፣ ችግርን እያወቁ ስለ እግዚአብሔር ብሎ መታገሥ ነው። ሁለተኛው፣ ችግርን መደበቅና የሌለ ማስመሰል ነው። የመጀመሪያው ተጋድሎ ነው፤ ሁለተኛው ይሉኝታ ነው። መነኵሴ በገዳም ሲኖር የጾሙንና የስግደቱን ልክ በራሱ ፈቃድ ብቻ አይወስንም፤ ለአበምኔቱ ይታዘዛል፤ የልቡን ሐሳብ ለአባቱ ይገልጻል። ከሁሉ ይበልጥ ራሱን የካደው ሰው ከሁሉ ይበልጥ የሚመክረውና የሚጠብቀው አለው ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያን በጾም ጊዜ እንኳ የታመመን ሰው ከንስሐ አባቱ ጋር ተመካክሮ እንዲያደርግ ትፈቅድለታለች። ይሉኝታ ግን አባትም ምክርም የለውም። የሚፈራው እግዚአብሔርን ሳይሆን የሰፈርን አፍ ነው።

ሌላው ተቃውሞ፣ «በአገራችን እንዲህ ያለ መከራ እያለ የእኔ ችግር ምን ችግር ይባላል?» የሚለው ነው። የእኅታችንም ሐሳብ ይህ ነበር። እኛም ሁላችን ብለነዋል። ለዚህ መልስ የሆነችን የሰራፕታዋ መበለት ናት (1ኛ ነገ. 17)። ረኃብ በሆነ ጊዜ ኤልያስ ወደ እሷ መጥቶ ውኃና ቍራሽ እንጀራ ለመናት። እሷም «አለኝ» ብላ አልዋሸችም፤ «የለኝም» ብላም በሩን አልዘጋችም። በማድጋዋ ያለው ዱቄት አንድ እፍኝ ብቻ መሆኑን፣ እሱንም ከልጇ ጋር በልተው ሞትን እንደሚጠብቁ ሳትደብቅ ነገረችው። ከዚያ በኋላ ሰጠችው። ነቢዩ ተርቦ ነበር፤ እሷም ተርባ ነበር። ሁለቱም ረኃባቸውን ተነጋገሩ፤ ማድጋውም አልጐደለም። ኤልያስ ነቢይ ነኝና አልለምንም ቢል፣ እሷም የእኔ ችግር ምን ይነገራል ብትል ኖሮ፣ በዚያ ቤት በረከቱ የሚገባበት በር አይኖርም ነበር። የችግር መብዛት አፍን መዝጊያ አይደለም። ይልቁን ችግር በበዛበት ዘመን ማን ምን እንዳለውና ምን እንደጐደለው መነጋገር የግድ ይሆናል።

«እንግዲያስ ሁሉም ችግሬ ችግሬ ካለ ማን ይሰጣል? ሰነፍም ይደበቅበታል» የሚል ሦስተኛ ተቃውሞ አለ። እውነት አለበት። ስለዚህ ሐዋርያው ጳውሎስ በአንድ ምዕራፍ ሁለቱን አስቀምጦልናል። አንዱ የሌላውን ሸክም እንዲሸከም ያዛል (ገላ. 6፥2)፤ ጥቂት ዝቅ ብሎ ደግሞ እያንዳንዱ የገዛ ሸክሙን እንዲሸከም ይላል (ገላ. 6፥5)። የሚጋጩ ይመስላሉ፤ አይጋጩም። ከገበያ ስንመለስ እያንዳንዳችን ዘንቢላችንን እንይዛለን፤ ግንድ ሲሆን ግን ለአራት እንሸከማለን። ዘንቢሉን ለሰው የሚያሸክም ሰነፍ ነው። ግንዱን ብቻውን የሚያነሣ ደግሞ ወገቡን ይሰብራል፤ በማግሥቱም ዘንቢሉን የሚይዝለት ይፈልጋል። ትምህርቴን ማጥናት፣ መጸለይ፣ ንስሐ መግባት የእኔ ዘንቢል ነው። ዐሥሩ ደናግል በሚነገርበት ምሳሌም ልባሞቹ ዘይታቸውን ማካፈል አልቻሉም (ማቴ. 25)፤ ማንም ለማንም ሊያበድረው የማይችል ነገር አለና። የእናት ሕመም፣ የቤት ረኃብ፣ የጦርነት ድንጋጤ፣ እንቅልፍ የሚነሣ ኀዘን ግን ግንድ ነው። እሱን ብቻዬን አነሣለሁ ማለት ጀግንነት አይባልም።

የነፍስን ድካም በተለይ እንጥቀስ። በእነዚያ ዓመታት ያየነውና የሰማነው ነገር በብዙዎቻችን ላይ ቀርቷል። ከተፈናቀሉት ጋር ሲያለቅሱ ውለው ማታ እንቅልፍ ያጡ፣ ያለ ምክንያት የሚቈጡ፣ መዝሙር ያስጠላቸው ወንድሞች ነበሩ። ይህን «የሰይጣን ፈተና ነው» ብሎ ብቻ ማለፍ አይበቃም። ያው ኤልያስ ከብዙ ድል በኋላ በበረሃ ዛፍ ሥር ወድቆ ሞቱን በለመነ ጊዜ፣ እግዚአብሔር በመጀመሪያ ተግሣጽ አልላከለትም። እንቅልፍ ሰጠው፤ በመልአክ እጅ እንጎቻና ውኃ ላከለት፤ ደግሞ አስተኛው፤ ሁለተኛም አበላው (1ኛ ነገ. 19)። ጌታም ደቀ መዛሙርቱ ከአገልግሎት ሲመለሱ ለመብላት እንኳ ጊዜ እንዳጡ አይቶ ወደ ምድረ በዳ ወጥተው ጥቂት እንዲያርፉ አዘዛቸው (ማር. 6፥31)። ዕረፍት የአገልግሎት ጠላት አይደለም።

ጸበሉም ሐኪሙም ከእግዚአብሔር ናቸው። መጽሐፈ ሲራክ ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ ያስተምራል (ሲራ. 38)። ከተማችን ደግሞ በዚህ በኩል ባለ ታሪክ ናት። እ.ኤ.አ. በ1954 በጐንደር የተከፈተውና በኋላ ጐንደር ዩኒቨርሲቲ የሆነው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ ጤና መኮንኑን፣ ነርሷንና የአካባቢ ጤና ጠባቂውን በአንድ ቡድን እንዲሠሩ አድርጎ ያሠለጥን ነበር። የሠለጠነ ባለሙያ እንኳ ብቻውን እንደማይበቃ ያወቀ ትምህርት ነው። ዛሬም በዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለ። ወደዚያ የሄደ ወንድም እምነቱ ጐደለ አይባልም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚሉት አባቶቻችን የተናገሩት ለእግር ቍስል ብቻ አይደለም።

እስከዚህ ድረስ የጻፍነው ችግሩን ለደበቀው ሰው ነው። ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ በእሱ ላይ ጥለን እንዳናመልጥ የእኅታችን ቃል ይመልሰናል፤ «ማን ጠየቀኝ?» በዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ መፃጉዕ ሲነበብ ሁላችን እንሰማለን። ሠላሳ ስምንት ዓመት የተኛው በሽተኛ ስለ ችግሩ የተናገረው ጌታ ቆሞ ከጠየቀው በኋላ ነው። ሲጠየቅም የመለሰው ስለ በሽታው ብቻ አልነበረም፤ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው የሌለው መሆኑን ተናገረ (ዮሐ. 5)። በዙሪያው ሕዝብ ሞልቶ ሳለ ሰው የለውም ነበር! በእኛም ጉባኤ እንዲሁ ሆነ። ልብሱ አንድ ዓይነት፣ መዝሙሩ አንድ ዓይነት፣ ቍጥራችን ብዙ ሆኖ ሳለ አንዲቷ እኅታችን ሰው አልነበራትም። «እንደምን ሰነበትሽ?» አላልናትም አይደለም፤ ብለናታል። ነገር ግን መልሱን ሳንጠብቅ የምንለው ሰላምታ ነበር። «እግዚአብሔር ይመስገን» ስትለንም ምስጋናውን ይዘን ሄድን። ምስጋናው እውነት ነው፤ በችግርም ቢሆን እግዚአብሔር ይመሰገናልና። እኛ ግን ከምስጋናው በኋላ ያለውን ለመስማት ቆመን አናውቅም።

ስለዚህ ከክርክራችን በኋላ ጥቂት ነገር ወስነናል፤ ለሌሎች ሰንበት ትምህርት ቤቶችም ይጠቅም እንደሆነ እንጽፈዋለን። አንደኛ፣ ሥራ ከመከፋፈላችን በፊት «በዚህ ሳምንት ማን ከብዶታል?» ብለን እንጠይቃለን፤ የከበደው ሰው ያለ ሐፍረት ያርፋል። ሁለተኛ፣ ጌታ ሐዋርያትን ሁለት ሁለት አድርጎ እንደላከ (ማር. 6፥7) በሽተኛና ችግረኛ ለመጠየቅ ብቻውን የሚሄድ አይኖርም፤ ጓደኛሞቹም አንዱ ስለ ሌላው ቤት ያውቃሉ። ሦስተኛ፣ ከምንሰበስበው ላይ ጥቂት ተለይቶ በአንድ አባት እጅ ይቀመጣል፤ ከመካከላችን የተቸገረ ለእሳቸው ብቻ ነግሮ ይረዳል፤ ሌላው አይሰማም። አራተኛ፣ ሦስት እሑድ የቀረ ሰው ቢኖር በመዝገብ ከመጻፋችን በፊት ወደ ቤቱ እንሄዳለን፤ ስንሄድም ባዶ እጃችንን አንሄድም።

በመጨረሻ ስለ እኅታችን። ያን ጊዜ ዱቄትና ጥቂት ብር ይዘን ብንሄድ መጀመሪያ «ኧረ ይቅር፤ ለባሰበት ስጡት» አለች። በመካከላችን ያለች አንዲት ልጅ «በሞቴ» አለቻት። ዝም ብላ ቆይታ ተቀበለች፤ አለቀሰችም። ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር ተቃና ብለን አንዋሽም። እናቷ ወዲያው አልዳኑም፤ የአባቷም ሥራ ቶሎ አልተገኘም። አገራችንም ከዚያ ወዲህ ሌላ መከራ አይታለች። ነገር ግን ሁለት ወር ሳይሞላ እኅታችን ወደ አገልግሎቷ ተመለሰች፤ አሁን ወደ አንድ ቤት ስትገባ እንጀራውን አስቀምጣ ቶሎ አትወጣም። ትቀመጣለች፤ ትጠይቃለች፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ሲሏትም ጥቂት ትጠብቃለች። መቀበልን ስላወቀች መስጠቷ ተሻሽሏል።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፤ ከራሳችን በላይ ነፋስ አለ አንበል፤ ከራሳችን ውጭ ችግረኛ የለም ብለንም ራሳችንን አንሸንግል። የተራበው ስንሆን «ርቦኛል» እንበል፤ የተራበው ሌላው ሲሆን ደግሞ «በሞቴ» እንበል። የዛሬው ሰጪ የነገ ተቀባይ ነው፤ የሁላችንም ማድጋ የሚሞላው ከአንድ ጌታ ነውና። እሱ ልቡናችንን ያብራልን፤ በየቤቱ «ሰው የለኝም» የሚሉትን የምንሰማበት ጆሮ ይስጠን። እኛንም በጸሎታችሁ አስቡን፤ ይህን የምንለው ለወጉ ያህል አይደለም፤ ስለሚያስፈልገን ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።